«ሳቢያን ስፈልግ ደቻቱ መሸብኝ»፦ ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ?

መንገደኛ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባለፈው እሑድ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ድሬዳዋ ወርጄ ነበር። ድግሱ ከዚራ፣ ዛፎቹ ጥላ ከሚያጠሉበት መንገድ ዳር ካለ ግቢ ውስጥ ነው። ሙሽራው የከዚራ፣ ሙሽራዋ የመጋላ ልጅ ናት። አመሻሹ ላይ ማሲንቆ የያዘ ዘፋኝ ሙሽሮቹ ፊት በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ እንዲህ አለ፦

ለምን ጠፋህ ብላ እናቴ ብትጮኽብኝ፣
ሳቢያን ስፈልግ ደቻቱ መሸብኝ።

ሴቶቹ ፍርፍር ብለው ሳቁ። አክስቴ፣ የሙሽራው እናት ማለት ናት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ከሳቀች በኋላ ተነሥታ ዘፋኙ ግንባር ላይ መቶ ብር ለጠፈች። ሙሽራው ግን አንገቱን ደፋ።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ሳቢያን የሰፈር ስም፣ ደቻቱ ደግሞ ወንዙ መሆኑን አውቃለሁ። «ሳቢያ» ምክንያት ማለት እንደሆነም አይጠፋኝም። ስለዚህ ሰሙ ሰፈሩ፣ ወርቁ ምክንያቱ ብዬ ለራሴ ተረጎምሁት። ግን ይህ ብቻውን መቶ ብር ያስወጣል? ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሴቶቹ በምን ሳቁ?

ዘዋሸራ

ጥያቄህ መልካም ነው፤ ትርጓሜህ ግን ደጀ ሰላሙን አላለፈም። አስቀድመን ቅኔውን በዓይነቱ እናስቀምጠው። ሁለት ቤት ነው፤ በግዕዝ ቢሆን ጉባኤ ቃና እንለው ነበር። «ሳቢያን» ኅብር ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት ምሥጢር ተሸክሟል። ሥሩ «ሰሐበ» ነው፤ ጎተተ፣ ሳበ። ሳቢያ ማለት አንዱን ነገር ወደ ሌላው ስቦ የሚያመጣ ማለት ነው። እንግዲህ ልጁ የሚፈልገው ልቡን የሳበውን፣ ማለትም እሷን ነው። አለቀ።

ሥር ቆፋሪ

የኔታ፣ አላለቀም፤ ገና መጀመሩ ነው። «ሰሐበ» ካልን የሰፈሩም ስም ከዚያው ይወጣል። የድሬዳዋ የመጠጥ ውኃ ከወዴት ይመጣል? ከሳቢያን ጉድጓዶች። ውኃ የሚስቡ ሰዎች በግዕዝ ምን ይባላሉ? ሰሓብያን! ሐ በአማርኛ አፍ ተውጣ ቀረችና ሳቢያን ሆነ። ይህን ሐሳብ ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ጽፌው ነበር፤ እስከ ዛሬ ያፈረሰው የለም።

ስንኝ ሰባሪ

ያላፈረስነው አይተነው ስላላነበብነው ነው። ጉድጓዱን የሚስበው ሞተር ነው። ሞተሩ ግዕዝ የተማረው የት ነው?

የለገሀሬ ልጅ

መንገደኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከከዚራ ተነሥቶ ሳቢያን ለመሄድ ደቻቱን የሚሻገር ሰው አይተህ ታውቃለህ?

መምህር በጡረታ

ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ እስቲ ወደ ሰዋስው እንመለስ። «ስፈልግ» ተሳቢ ይፈልጋል። ሳቢያን የሰፈር ስም ከሆነ የተጸውዖ ስም ነው፤ የተጸውዖ ስም ተሳቢ ሲሆን ን ይይዛል። «ሐረርን አየሁ» ነው የምንለው። ስለዚህ «ሳቢያንን ስፈልግ» መባል ነበረበት። ቃሉ ምክንያት ማለት ከሆነ ደግሞ ያልተወሰነ ስም ነውና «ሳቢያ ስፈልግ» ይበቃ ነበር፤ ይወሰን ከተባለም «ሳቢያውን»። እንደምታዩት ሰሙ አንድ ን ጎድሎታል፤ ወርቁ አንድ ን ተርፎታል። በሁለቱም በኩል ስንኙ አንካሳ ነው።

ስንኝ ሰባሪ

ይበዳደሩ።

ዘዋሸራ

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቅኔ በትምህርት ቤት ሰዋስው አይመዘንም። ባለቅኔ ፊደል ያጎድላል፣ ይጨምራል፣ ያዋውጣል። ጸጋ ተሰጥቶታል።

መምህር በጡረታ

ጸጋው ከሰዋስው ነጻ ካወጣችሁ ዋሸራ ቅኔ ቤት ድረስ ሄዳችሁ ርባ ቅምር ስታጠኑ የኖራችሁት ለምንድን ነው? ደግሞ ዘፋኙን አልነቀፍሁም። ቀለሙን፣ ማለት ፊደሉን ሳይሆን ክፍለ ቃሉን፣ ቆጥሬዋለሁ፤ ስድስት በስድስት ነው። «ሳቢያን ስፈልግ» ስድስት፣ «ደቻቱ መሸብኝ» ስድስት። «ሳቢያንን» ቢል ሰባት ይሆንና ማሲንቆው ይሰናከላል። ን የቀረችው ለጆሮ ሲባል ነው። ያልኋችሁ ቆጥራችሁ ፍረዱ ነው እንጂ ጸጋ አታውሩ።

ሥር ቆፋሪ

እዚህ ላይ ሌላ በር ይከፈታል። ን ከስሙ ጋር አብሮ የተፈጠረ ላይሆን ይችላል። ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት፤ ሐዲዱ የደረሰላት በ1895 ነው። ለገሀር ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» መምጣቱን ሕፃን ያውቃል። ታዲያ ያ የፈረንሳይ መሐንዲስ ከሐዲዱ ወዲያ ያለውን ሜዳ አይቶ ደስ ሲለው ምን ይል ነበር? «ሳ! ቢያን!» ይኸው መልካም ነው እንደማለት። ሳቢያን!

ስንኝ ሰባሪ

ትናንት ግዕዝ፣ ዛሬ ፈረንሳይኛ። ነገ ንግሥተ ሳባ መጥታ ሳባውያንን ታሰፍርልናለች።

ሥር ቆፋሪ

እሱንም አስቤበታለሁ።

የጀጎሉ

ከሐረር ሰላምታ ይድረሳችሁ። እናንተ አንዲት ን ይዛችሁ ስታድሩ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዎች በሰፈር ስም መቀኘትን የተማሩት ከእኛ ነው፤ ይህን አታከራክሩኝ። የጀጎልን፣ ማለት የሐረርን ግንብ፣ በሮች አንድ በአንድ አንሥቶ የማያሞግስ የሐረር ዘፋኝ የለም። አንዱን ልንገራችሁ፦

ጠጥተህ ሂድ ብላ ምላ ተገዝታ፣
ቡናው ፈላና በር ዘጋችብኝ ማታ።

ለሌላው አገር ሰው ቡናው ፈላ፣ ከዚያም በር ዘጋች ነው። ለእኛ ግን ፈላና በር ከጀጎል በሮች አንዱ ነው። እንግዲህ ቡናው የት እንደ ተጠጣ፣ ልጅቱም የት ሰፈር እንደምትኖር ዘፋኙ ሳይናገር ተናገረ። አያቴ ይህን ስትሰማ «ስሟን ቢጠራት ይሻል ነበር» ብላ ሳቀች።

ዘዋሸራ

እሰይ! ይህ ነው ኅብር። ቃል ሳይፈጭ፣ ን ሳይበደር፣ ወዲህም ወዲያም ሙሉ ሆኖ የሚቆም። አንድ ነገር አስተውሉ፦ ስንኙ የሚከፈለው «በር» ላይ ነው። «ቡናው ፈላና በር» ብሎ ያርፋል፤ «ዘጋችብኝ ማታ» ብሎ ይዘጋል። ትንፋሹ ራሱ ፈላናን ከበር ጋር አጋብቶታል። ዓይን «ፈላና» ላይ ቆሞ ያነባል፤ ጆሮ ግን «ፈላና በር» ብሎ ይሰማል።

የጀጎሉ

እግዜር ይስጥልን የኔታ። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ምሥጢር የሚሠራው በአማርኛ ብቻ ነው። እኛ ቤታችን ውስጥ፣ በጌይ ሲናን፣ በሐረሪ ቋንቋ ማለት ነው፣ ያን በር አሱም በሪ ነው የምንለው። ኤረር በርን አርጎብ በሪ፣ ሰንጋ በርን ሱቁጣት በሪ፣ ቡዳ በርን በድሪ በሪ እንላለን። በእኛ ቋንቋ ብትዘፍነው ቡናው ይፈላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሰፈሩ ግን አይታወቅም። ልጅቱ ከሐሜት ትድናለች።

ሥር ቆፋሪ

ቆይ፣ ቆይ። ፈላና! መድረሳ የገባችሁ ትደርሱበታላችሁ። በዐረብኛ ስሟን መጥራት የማትፈልጋትን ሴት ምን ትላታለህ? ፉላና! እገሊት ማለት ነው። ስለዚህ ፈላና በር የእገሊት በር ነው። ስሙ ራሱ ስም መደበቂያ ነው! ከዚህ የበለጠ የፍቅር ዘፈን ቃል ከየት ይመጣል?

የጀጎሉ

ቀልድነቱን ወድጄዋለሁ፤ ሥርነቱን ግን አልቀበልም። በዚህ ከቀጠልህ ሸዋ በርንም «ሻይ» ውስጥ ታገኘዋለህ።

የለገሀሬ ልጅ

አቦ! የጠየቅሁትን የሚመልስልኝ የለም?

ሥር ቆፋሪ

«አቦ» ራሱ የሚገርም ቃል ነው። አብ፣ አቡ፣ አቦ። ጻድቁን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሕዝቡ «አቦ» ሲል የሚጠራቸው ከዚሁ ነው። ምሥራቆች በየቃሉ መሐል አቦ የሚሉት በጻድቁ እየማሉ ይመስለኛል።

የጀጎሉ

ይመስልሃል። በኦሮምኛ ሰው ሲጠራ፣ ሲለመን «አቦ» ይባላል። የሐረርና የድሬ አማርኛ ከኦሮምኛው፣ ከሶማልኛው፣ ከጌይ ሲናኑ ጋር አንድ ገበያ የዋለ አማርኛ ነው። ሁሉን ነገር ከቤተ ክህነት ዕቃ ቤት አታውጣ።

የለገሀሬ ልጅ

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። አቦ ማለት «እስቲ ስሙኝ» ማለት ነው። መምህር፣ አንተስ ምን ትላለህ?

መምህር በጡረታ

እኔ የምለው፣ በሰባ ዓመቴ አንተ መባሌን ነው።

የለገሀሬ ልጅ

አትቀየመኝ አባቴ። ድሬ ላይ የወለደኝንም አንተ ነው የምለው። በዚህ ሙቀት አንቱ ብሎ የሚጨርስ ሰው የለም። እናንተ አገር ክብሩ ከቃሉ ላይ ነው፤ እኛ አገር ቀዝቃዛ ውኃ ቀድሞ ማን ይሰጠዋል በሚለው ላይ ነው።

መምህር በጡረታ

ውኃው ይምጣ እንግዲህ፤ አንተውን ዋጥሁት። ስለ ድሬ ካነሣሽ አይቀር አንድ የምትኮሩበትን ነገር ላስታውስ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከኢየሩሳሌም ተመልሰው የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን ሲደክሙበት የኖሩት በዚያችው ከተማ ተቀምጠው ነው። መጽሐፉ በ1948 ታትሞ ሲወጣ እሳቸው በሕይወት አልነበሩም፤ ከፍጻሜ ያደረሱት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። እሳቸውም በበኩላቸው የአማርኛውን በ1962 አወጡ። ስለዚህ ሥር ቆፋሪ ወዳጃችን ከመቆፈሩ በፊት ድሬ ላይ የተቆፈረውን ቢያነብ መልካም ነው።

ስንኝ ሰባሪ

ሁለት የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት በአንዲት ላብ በምታጠምቅ ከተማ! ቃሉን ያጠለሉት በወዛቸው ነው ማለት ነው።

ዘዋሸራ

ወደ ፊተኛው ስንኝ እንመለስ። ሌሊቱን ሳወጣው ሳወርደው አደርሁ፤ አቋሜን አሻሽላለሁ። ስንኙ ኅብር ብቻ አይደለም። ውስጠ ወይራም አለበት። ኅብር ሲሆን ቁልፉ ከቃሉ ላይ ተሰቅሏል፤ «ሳቢያን» ብለህ ስትነካው ይከፈታል። ውስጠ ወይራ ግን ላዩ ለስላሳ ነው፤ ቁልፉ ያለው ከስንኙ ውጭ፣ ታሪኩን በሚያውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሙሽራው አንገቱን የደፋው፣ እናቱ ብር ያወጣችው፣ ከቃሉ በስተጀርባ የሚያውቁት ነገር ስላለ ነው። እኛ መዝገበ ቃላት ስንገልጥ እነሱ ልጃቸውን እያዩ ነበር።

መምህር በጡረታ

አንድ ስንኝ ኅብርም ውስጠ ወይራም ሊሆን አይችልም። ወይ በቃሉ ነው፣ ወይ በታሪኩ።

ዘዋሸራ

ይችላል።

መምህር በጡረታ

አይችልም።

ዘዋሸራ

መምህር፣ እኔ ዋሸራ ቆሎ ትምህርት ቤት እህል ለምኜ፣ ውሻ ነክሶኝ፣ መምህሬ ፊት ቆሜ የተቀኘሁ ሰው ነኝ። እርስዎ ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኙት።

መምህር በጡረታ

ውሻው የነከሰህ ስለ ውስጠ ወይራ ስታስረዳ እንዳይሆን።

የገንደ ቆሬው

ይቅርታ፣ ብዙ ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። በቀልዳችሁ መሐል መግባቴ ነው።

እኔ ያን ስንኝ ብሰማ አልስቅም ነበር። በ1998 ክረምት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ሌሊት ሲመጣ ከተማው ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት ሞተ። ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጠዋት አባቴ እጄን ይዞ ወጣ፤ አሸዋው ላይ አንድ የሴት ጫማ፣ ጎኑ የተጎዳ ብረት ድስት፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የቆርቆሮ በር ከነመቀርቀሪያው ተኝቶ አየሁ። በሩ እንደተቆለፈ ነበር። ለብዙ ዓመት «ደቻቱ» የሚለው ቃል እኔ ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚነገረው። እንግዲህ አንድ ሰው «ደቻቱ መሸብኝ» ሲል የእኔ ጆሮ ማሲንቆ አይሰማም። «ለምን ጠፋህ» የምትለው እናትም ሌላ እናት ትሆንብኛለች።

ዘፋኙን አልወቅስም፤ ሠርግ ነው፣ ሳቅ ይገባል። ቃሉ ግን እናንተ ካያችሁት አንድ ክፍል በላይ አለው።

የለገሀሬ ልጅ

ወንድሜ፣ እኛም ቤት እንደዚያው ነበር።

ዘዋሸራ

ነፍስ ይማር። ዛሬ ስለ ኅብር አልናገርም።

ስንኝ ሰባሪ

እኔም።

መንገደኛ

ከሁለት ቀን በኋላ ብመለስ ክሩ እዚህ ደርሷል። የገንደ ቆሬው፣ ስለ ጻፍህልን አመሰግናለሁ። ሠርጉ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ሳይስቁ ያጨበጨቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሁን ትዝ አሉኝ።

ጥያቄዬን ግን አልተዉሁትም። ውስጠ ወይራ ነው ከተባለ ወይራውን የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ።

የጀጎሉ

የእኔን ስንኝ ብትፈቱ የድሬውም ይፈታል ባይ ነኝ። «በር ዘጋችብኝ ማታ።» ልጁ ያለው ከደጅ ነው ወይስ ከውስጥ?

ዘዋሸራ

ከደጅ። በር ዘጋችብኝ ማለት አስቀረችኝ፣ ከለከለችኝ ማለት ነው። ዘፈኑ ጨዋ ዘፈን ነው።

ስንኝ ሰባሪ

የኔታ ከደጅ ይደሩ፤ እኛ ግን ገብተናል።

መምህር በጡረታ

በሰዋስው ረገድ «ብኝ» የሚናገረው ጉዳትን ነው። «ዘነበልኝ» ያለ ገበሬ ነው፤ «ዘነበብኝ» ያለ ልብስ ያሰጣ ነው። ዝናቡ አንድ ነው፣ ሰዎቹ ተለያዩ። ስለዚህ «ዘጋችብኝ» ያለ ሰው ተጎድቷል። ከደጅ ቀርቷል። በዚህ ብቻ ከዋሸራው ጋር እስማማለሁ፤ ቀኑን መዝግቡልኝ።

የለገሀሬ ልጅ

መምህር፣ አንተ ቡና ጠጥተህ አታውቅም? ስንኙን ከላይ ጀምረህ አንብበው። «ጠጥተህ ሂድ» ብላ ምላለች። ተገዝታለች። ጀበናው ፈልቷል። ቡና አፍልታ፣ ጠጣ ብላ ምላ፣ ከዚያ ደጅ አስወጥታ የምትዘጋ ሴት በየትኛው አገር አለች? አቦሉ ገና አልተቀዳም። በሩ የተዘጋው እሱ ከውስጥ እያለ ነው።

መምህር በጡረታ

ታዲያ «ብኝ» ለምን አለ? «ዘጋችልኝ» አይልም ነበር?

የለገሀሬ ልጅ

እሱ ነዋ ቀልዱ! ስሞታ እያሰማ ነው፤ የሐሰት ስሞታ። «ተመልከቱ፣ በደለችኝ፣ በር ዘግታ አስቀረችኝ» እያለ ሰፈር ሙሉ ይናገራል። «ዘጋችልኝ» ቢል ጉራ ነው፤ ወንድሞቿ ዱላ ይዘው ይመጣሉ። «ዘጋችብኝ» ሲል ግን የተበደለ ሰው መሰለ። በደሉ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ቢደገምለት አይጠላም።

ስንኝ ሰባሪ

«ተበደልሁ» ብሎ የሚፎክር ከሳሽ! ፍርድ ቤት አላየሁም፤ ዘፈን ላይ ግን ሞልቷል።

ዘዋሸራ

...

ዘዋሸራ

ዝም ያልሁት እያሰብሁ ነው። ይህች ልጅ ያለችው አይናቅም። እንዲያ ከሆነ የፊተኛውም ስንኝ ሁለቱም ቤት በ«ብኝ» ነው የሚመታው። «ብትጮኽብኝ»፤ «መሸብኝ»። የእናቲቱ ጩኸት የእውነት ብኝ ነው። የምሽቱስ?

የለገሀሬ ልጅ

አሁን መጣችሁ። ከአምስት ቀን በፊት የጠየቅሁትን ልድገመው። ከዚራ ቆማችሁ ባጃጅ ጥሩና «ሳቢያን» በሉት። ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል። ደቻቱ ያለው በስተምሥራቅ ነው። ሳቢያን የሚሄድ ሰው ደቻቱን አያገኘውም፤ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚሄደው። በበጋ አሸዋውን በእግሩ አቋርጦ፣ በክረምት በድልድዩ ተሻግሮ የሚሄድ የከዚራ ልጅ የሚደርሰው አንድ ቦታ ነው። መጋላ።

ልጁ እናቱን «ሳቢያን፣ ጓደኛዬ ዘንድ ነኝ» እያለ ስንት ጊዜ እንደ ወጣ እኔ አላውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች። ሙሽራዋ የየት ልጅ ናት አልህ መንገደኛ?

መንገደኛ

የመጋላ።

የለገሀሬ ልጅ

እንግዲህ።

መምህር በጡረታ

የን ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ልጁ ለእናቱ የነገራት ሰፈሩን ከሆነ «ሳቢያንን» ማለት ነበረበት።

ስንኝ ሰባሪ

መምህር፣ ልጁ እየዋሸ ነው። ውሸታም ን አይሟላለትም።

ሥር ቆፋሪ

የመጋላን ሥር የሚፈልግ አለ? በኦሮምኛ ገበያ፣ በሶማልኛ ከተማ ነው። «ፍቅር ገበያ ነው» የሚል ሦስተኛ ወርቅ ከዚህ ይወጣል...

የጀጎሉ

ቅድም «የእገሊት በር» ብሎኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ገበያ አስገባኝ። ይልቅ መንገደኛ፣ አክስትህን ራሷን ለምን አትጠይቃትም? ሳቁ የእሷ ነው።

መንገደኛ

ትናንት ማታ ደወልሁላት። ለምን ሳቅሽ አልኋት። መጀመሪያ «እኔ ምኑንም አልሰማሁም፣ የሳቅሁት ሌሎቹ ሲስቁ አይቼ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ «ባትሪው ሁልጊዜ ደቻቱ ማዶ ሲደርስ ነበር የሚያልቅበት» አለች። የስልኩን ነው ያለችው። ከዚያ ደግማ መሳቅ ጀመረች። እኔ ደግሞ የለገሀሬን ልጅ ትርጓሜ፣ የዋሸራውን ኅብር፣ የመምህሩን ን ሁሉ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?» አለች።

ትርጉሙ ትክክል ነው አይደለም በይኝ እንጂ ብላት፣ መልሷ ይኸው ነው፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «መጋላ ስላላችሁ ብቻ አወቃችሁ? ደቻቱ ማዶ ስንት ቤት አለ?»

የለገሀሬ ልጅ

ኧረ! ሌላም ነበረች ማለት ነው?

ዘዋሸራ

አትቸኩሉ። «ቤት» ያለችው የሚኖሩበትን ነው ወይስ የስንኙን? ሁለት ቤት ካለ ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ከሆነ ግን መወድስ ነውና ነገሩ ረዘም ያለ ነው።

መምህር በጡረታ

ስምንት ከሆነ ሙሽራዋ እንዳትሰማ።